ሳልቆጥር «ሁሉም አሉ» ያልሁ ዕለት

ጌታ ይባረክ! የቡሬ ወገኖቼ፣ ከደምበጫና ከፍኖተ ሰላም ለኅብረት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ሽማግሌዎቻችንን «የምመሰክረው ነገር አለኝ» ብዬ ስለምናቸው «እህት ስመኝ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃሻል?» አሉኝ። አይበቃኝም ብያቸዋለሁ። እንግዲህ ሰዓት የምታዩ ሰዎች ሰዓታችሁን አውልቃችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ይህን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልቀመጥም። አሜን በሉኝ እስቲ! በርቱ፣ ይህች አሜን አቅም የላትም።

የተወለድሁት ደጋ ዳሞት ነው፤ ከፈረስ ቤት ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ገባ ብሎ። እኛ ቤት ልጅ አይቆጠርም ነበር። እንግዳ መጥቶ እናቴን «ስንት ልጆች አሉዎት?» ያላት እንደሆን «እሱ የሰጠኝ ናቸዋ» ብላ ታልፈዋለች። አባቴም ከብት አይቆጥርም። ከብቱ ሲገባ በረቱ በር ላይ ይቆምና በመልክ ነው የሚለያቸው። «ዳልቻዋ ገባች፣ ቦቃዋ ገባች፣ ያች ሰባራ ቀንድ የታለች?» ይላል። አንድ ከብት ጠፍቶበት አያውቅም።

ስምንት ዓመቴ ሳለ መዝገብ የያዘ አንድ ሰው በሠፈራችን እየዞረ ሰው ሊመዘግብ መጣ። እኛን ልጆቹን ደጃፍ ላይ አሰለፈንና በእስክሪብቶው ጫፍ እየጠቆመ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ «አንቱ ሰው፣ በሞቴ! በጣትዎ አይጠቁሙብኝ፤ የተቆጠረ ይጎድላል!» አለችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሳቅ ብሎ «እማማ፣ ምንም አይሆኑም» አላት። በሳምንቱ ታናሽ ወንድሜን ባያብልን ትኩሳት ያዘው። በአራተኛው ቀን ቀበርነው። ከመስመሩ መጨረሻ የቆመው እሱ ነበር፤ ሰውየው መጨረሻ የጠቆመውም እሱን ነበር።

ጤና ጣቢያ ያለው ሐኪም «ኩፍኝ ነው፤ ብዙ ልጅ ይዟል» አለ። የነፍስ አባታችን ቄሱ ሳይቀሩ ለቅሶ መጥተው «ልጄ፣ ይህ ሃይማኖት አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ ልጁን የወሰደው በሽታ ነው» ብለው መክረዋታል። እናቴ አልሰማችም። እኔም አልሰማሁም። ባያብልን ስንቀብር ቆሜ አይቻለሁ፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ከዚያ ለትምህርት ወደ ቡሬ መጣሁ። እዚሁ ወንጌል ሰማሁ፤ እጄን አነሣሁ፤ ተጠመቅሁ፤ መዘምራን ገባሁ። ሃሌሉያ ነው! ዳሩ ግን፣ ወገኖቼ፣ አንዳንዶቻችን ውኃ ውስጥ የገባን ጊዜ ብቻችንን አልገባንም። የእኔ ፍርሃት አብሮኝ ገብቶ አብሮኝ ወጣ፤ ፎጣ እንኳ የሰጠው እኔ ነኝ! እንደምታውቁት የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ የብዙዎቻችሁ ልጆች ዩኒፎርም የእኔ እጅ ሥራ ነው። ቁልፍ ስቆጥር እውላለሁ። ልጅ ግን አልቆጥርም። እዚህ የእሑድ ልጆችን ሳስተምርም ስም እየጠራሁ ነበር እንጂ አንድም ቀን በቁጥር አላደረግሁትም። ማንም አልነቃብኝም። እኔም ለራሴ አልነገርሁት። ሰው ቢጠይቀኝ «ኸረ እኔ ነፃ ወጥቻለሁ!» ነበር መልሴ።

ካቻምና በክረምት፣ ከእኛ ጋር ኅብረት ያላት አንዲት የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን ለልጆች የክርስቲያን ካምፕ በጎ ፈቃደኛ ላኩልን ስትል፣ እናንተ እኔን መርጣችሁ ላካችሁኝ። መነኻሪያ ድረስ ወጥታችሁ ጸልያችሁ ሸኛችሁኝ፤ አንዳንዶቻችሁም በሶ አሸክማችሁኛል። ጌታ ይባርካችሁ። በሶውን እዚያ ማንም አልነካውም፤ እኔው ጨረስሁት።

እዚህ ዝናብ ሲደበድበን እዚያ በጋ ነው። ካምፑ ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ጫካ መሐል ነው፤ ከጫካው ወዲያ ሐይቅ አለ። ኃላፊዋ ኢንገር የሚባሉ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። እነሱ ዘንድ አንቱ ብሎ ነገር የለም፤ ትልቁም ትንሹም በስሙ ነው የሚጠራው። እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልሁ ነበር የማናግራቸው፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምናገረው፣ ትሰሙኛላችሁ። ልጆቹ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ናቸው። ሁሉም ቢጫ ኮፍያ ያደርጋሉ፤ በጫካ ውስጥ እንዲታዩ።

በመጀመሪያው ቀን ኢንገር አገልጋዮቹን ሁሉ ሰብስበው እንዲህ አሉን፦ «በመዝሙር ብትሳሳቱ ግድ የለም። ምግብ ብታሳርሩም እንበላዋለን። ከአንድ ቦታ ስትነሡ ግን ልጆቹን ቆጥራችሁ ቁጥሩን በእጅ ሬዲዮ ትነግሩኛላችሁ። በዚህ ቀልድ የለም።»

እኔና ማርቲን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ቡድን ተሰጠን። በዚያው ቀን ልጆቹን ለመቁጠር ጣቴን አነሣሁ። ልጆቹ ተሰልፈው ቆመው ሲያዩኝ የኛ ቤት ደጃፍ መጣብኝ። ባያብል ከመጨረሻ ቆሞ ታየኝ። ጣቴን መልሼ ኪሴ ከተትሁት። «የሰው አገር ልጅ በእኔ ጣት አይጎድልም» አልሁ በልቤ፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ! እንደ አባቴ በመልክ አየት አየት አደረግኋቸውና ሬዲዮውን ይዤ «ሁሉም አሉ» አልሁ። በማግሥቱም እንደዚያው። አራት ቀን እንዲህ ሄደ፤ ምንም አልጎደለም። ውሸት ደግሞ አራት ቀን ከተመቻት ቤቷን ትሠራለች።

ልብ በሉ፣ አባቴ ከብቶቹን ከጥጃነታቸው ጀምሮ ነው የሚያውቃቸው። እኔ እነዚያን ልጆች ካወቅኋቸው አራት ቀኔ ነው። ሁሉም ነጫጭ፣ ሁሉም ቢጫ ኮፍያ! አትሳቁ፤ እነሱም እኔንና ከኬንያ የመጣችውን እህት እስከ መጨረሻው ቀን አልለዩንም፤ እኩል ነን።

በአምስተኛው ቀን ሃያ ሦስት ልጆች ይዘን ወደ ሐይቁ ወጣን። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ አንዱን ይጠብቃል። ኢዳ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ግን በዚያ ቀን ጥንድ አልነበራትም፤ ጓደኛዋ ትኩሳት ይዟት ካምፕ ቀርታለች። ኢዳ ጆሮዋ አይሰማም። ትንሽ የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፤ ውኃ እንዳይነካት ሐይቅ ስትገባ ታወልቃታለች። እንዳወለቀች ከኋላዋ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም።

ልጆቹ ዋኙ፣ ተጫወቱ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ማርቲን ፊሽካ ነፋ። ልጆቹ እየሮጡ መጥተው ለበሱ፣ ተሰለፉ። ማርቲን ከፊት ሆኖ «ስመኝ፣ ሁሉም አሉ?» አለኝ። አየት አደረግኋቸው፤ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ። ሬዲዮውን አነሣሁና «ሃያ ሦስት፣ ሁሉም አሉ» አልሁ። ኢንገር ከካምፕ ሆነው «አመሰግናለሁ፣ ስመኝ» አሉኝ።

ከዚያ በጫካው ውስጥ አንድ ሰዓት ተጓዝን። መሐል ላይ የዱር ፍሬ ያለበት ገላጣ ቦታ አለ፤ ልጆቹ እዚያ ተበትነው ፍሬ ለቀሙ፤ አፋቸው ሰማያዊ እስኪሆን በሉ። ከዚያ ስንነሣ ማርቲንም እኔም አልቆጠርንም፤ ካምፑ ቅርብ ነው ብለን። ካምፕ ደርሰን ለምሳ ሲቀመጡ ኢንገር በየገበታው እየዞሩ ቆጠሩ። ቆሙ። መልሰው ከመጀመሪያው ቆጠሩ። ፊታቸው እንደ ኖራ ነጣ።

ሃያ ሁለት። ኢዳ የለችም።

ወየው ወገኖቼ! ኢንገር «መጨረሻ የተቆጠሩት የት ነው?» አሉ። ማርቲን እያለቀሰ «ከፍሬው ቦታ ስንነሣ አልቆጠርንም፤ ጥፋቴ ነው። ሐይቁ ላይ ግን ስመኝ ቆጥራለች፤ ሃያ ሦስት ነበሩ» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አዎ ለማለት አንገቴን ነቀነቅሁ። አልተናገርሁም፤ ነቀነቅሁ ብቻ። ጠላት የሚፈልገው ያችኑ ታህል ናት።

እንግዲህ በእኔ አንገት መነቅነቅ ተማምነው ልጅቷ የጠፋችው ከፍሬው ቦታ ወዲህ ነው አሉ። ፖሊስ ተጠራ፣ ውሻ መጣ፣ የአካባቢው ሰው ተሰበሰበ። ከገላጣው ቦታ እስከ ካምፑ ያለውን ጫካ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ማሰስ ጀመርን። እዚያ ደግሞ ሰው የሚውጥ ረግረግ አለ፤ ሰዎቹ በረጅም እንጨት እየወጉ ነበር የሚፈልጉት። ወደ ሐይቁ አንድ ሰው እንኳ አልላኩም። ለምን ይልካሉ? ስመኝ ቆጥራለቻ!

እኔም ከሰልፉ ውስጥ ነኝ። እጄን አንዲት የማላውቃት ሴት ይዛኛለች። በልቤ «ምናልባት ነበረች፤ ምናልባት አይቻታለሁ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። ይህች «ምናልባት» የምትባል ቃል ስንት ጉድ ትሸፍናለች! ብናገር ምን እንደሚሆን አሰብሁ። ያስሩኛል አልሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በእኔ ትዋረዳለች፤ ከእንግዲህ ከጎጃም ሰው አይጠሩም፤ እነ ወንድም እነ እህት ሳይሄዱ ይቀራሉ አልሁ። አያችሁ፣ ለእናንተ አስቤ ነበር ዝም ያልሁት! እንዲህ ነው ሰው ራሱን የሚያታልለው።

ዝናብ ጀመረ። እኔም እየጸለይሁ ነበር። ምን ብዬ እንደጸለይሁ ልንገራችሁ? «ጌታ ሆይ፣ እኔ ሳልናገር አግኛት» ብዬ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ ጸልዬ አላውቅም፤ እንባዬ ይወርዳል። ዳሩ ጸሎቱ ለልጅቷ አልነበረም፤ ለእኔ ስም ነበር። ጌታ ይማረኝ፤ ምሮኛልም፣ ክብር ለእርሱ ይሁን!

ስምንት ሰዓት ሲሆን የኢዳ እናት ከከተማ በመኪና ደረሰች። ወጣት ሴት ናት፣ በእኔ ዕድሜ። አንድ ሰው በእጁ ወደ እኔ ጠቆማት። ልትመታኝ ነው ብዬ ቆምሁ። መጣች። ሁለት እጆቼን ያዘችና በእንግሊዝኛ «አንቺ ነሽ ሐይቁ ላይ የቆጠርሻት?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። «አመሰግናለሁ» አለችኝ። «መንገዱን ሁሉ ውኃ ውስጥ ትሆን ይሆን እያልሁ ነበር የመጣሁት። አንቺ ስለቆጠርሻት ቢያንስ ውኃ ውስጥ እንዳልሆነች አውቃለሁ።»

እጇ ሙቅ ነበር፤ የእኔ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ያች እናት የቀራትን አንዲት ማጽናኛ የተደገፈችው በእኔ ውሸት ላይ ነው። ልጇ ከኋላዋ እየሞተች ይሆናል፤ እሷ እኔን ታመሰግናለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ አደረግሁት አልልም። እግሬ በራሱ ሄደ። ፖሊሱና ኢንገር መኪና አፍንጫ ላይ ካርታ ዘርግተው ቆመዋል። ደረስሁና «አልቆጠርሁም» አልሁ።

ኢንገር «ምን አልሽ?» አሉኝ።

«ሐይቁ ላይ አልቆጠርሁም። አንድ ቀንም ቆጥሬ አላውቅም። አሉ ያልሁት በግምት ነው።»

«ለምን?» አሉኝ።

«ልጅ መቁጠር እፈራለሁ። ወንድሜ ተቆጥሮ ነው የሞተብን።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። እንደማያውቁት ሰው አዩኝ። ከአገሬ ስወጣ የወንጌል አገልጋይ ተብዬ ነበር፤ አሁን በዚያች ሴት ፊት የእናቴን ፍርሃት ተሸክሜ የቆምሁ፣ ከደጃፋችን ፈቀቅ ያላልሁ ሕፃን ነበርሁ። ፖሊሱ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ እጁን አነሣና «ይህ ለኋላ ይቆይ። በዓይንሽ መጨረሻ ያየሻት የት ነው?» አለኝ።

«ዳር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ። ከፊሽካው በፊት።»

«ከፊሽካው በኋላስ?»

«አላየኋትም።»

የኢዳ እናት ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች።

ድንጋዩን እንዳሳይ መኪና ውስጥ አስገቡኝ። እናቲቱም ገባች። ከጎኔ ነው የተቀመጠችው፤ ሌላ ቦታ የለም። በመኪና መንገዱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ጉልበቷ ጉልበቴን እንዳይነካ ወደ በሩ ተጠግታ፣ መስኮቱን እያየች ሄደች። እኔ ደግሞ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል በአፌ ይዤ አልወጣ አለኝ። ምን ብዬ? ልጇ ሳትገኝ ይቅርታ ብጠይቃት የምጠይቀው ለራሴ እፎይታ አይደለም ወይ?

ሐይቁ ጋ ደረስን፤ ድንጋዩን አሳየሁ። መስሚያዋ እዚያው ድንጋይ ላይ አለች፤ በትንሽ ሳጥኗ ውስጥ ተዘግታ። ሁለት ጀልባ ወደ ውኃው ገባ። ብዙም አልቆየ፣ አንዱ ሰው በረጅም መቅዘፊያ ከውኃው ላይ አንድ ነገር አነሣ። ቢጫ ኮፍያ ነበር። እናቲቱ ያን ጊዜ ያወጣችው ድምፅ በእኛም በእነሱም ቋንቋ የለም። ኢንገር አቀፏት።

እኔን ያቀፈኝ ሰው የለም፤ የሚገባኝም አልነበረም። ጠጠሩ ላይ ተንበረከክሁ። ወገኖቼ፣ እኔ የዳንሁት እዚህ ቡሬ እጄን ያነሣሁ ጊዜ ነው እያልሁ ስናገር ትሰሙኝ ነበር። አዎ፣ ጌታ ያን ጊዜ ጠርቶኛል። ነገር ግን ፊቱ የቆምሁት እዚያ ጠጠር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ከኋላዬ ደብቄ ነበር የምጸልየው። ያን ዕለት የምደብቀው አልቀረም፤ ሁሉ አይቶታል። «ጌታ ሆይ፣ ልጅቷን አኑራት። እኔን እንደ ወደድህ አድርገኝ፤ ቢያስሩኝም ይሁን፣ ብዋረድም ይሁን። እሷን ግን» አልሁ። እናም የዘጠና ዘጠኙ በጎች ነገር መጣልኝ። ያ እረኛ ከመቶ አንዷ እንደ ጎደለች እንዴት አወቀ? ቆጥሮ ነዋ! እኔ ስሸሸው የኖርሁትን ነገር እረኛው በፍቅር ነው የሚያደርገው። መቁጠር የሚገድል መስሎኝ ነበር፤ የገደለኝ ዝም ማለቴ ነው። ከደጃፋችን ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት ያነቀኝ እጅ ያን ጊዜ ለቀቀኝ። ሰላም ወረደልኝ አልላችሁም፤ ልጅቷ አልተገኘችማ! ግን ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። ለራሴ መፍራት ቆመ።

ድንገት ከሐይቁ ወዲያ፣ ድንጋይ ከበዛበት የዳርቻው እጥፋት በኩል፣ አንድ ሰው ጮኸ። በቋንቋቸው ነው፤ አንዲት ቃል። ትርጉሟን አላውቅም። ሞታለች ይሁን፣ አለች ይሁን አላውቅም። የእናቲቱን ፊት አየሁ፤ ከፊቷ ላነብ። እሷ በጉልበቷ ወደቀች። ከዚያም ምንም ማወቅ አልተቻለም፤ ሰው በደስታም በሐዘንም ይወድቃል። ኢንገርን አየኋቸው፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። «ንገሩኝ!» ብዬ በአማርኛ ጮህሁ፤ «እባክዎ ይንገሩኝ!»

ኢንገር ዞሩና «በሕይወት አለች» አሉኝ።

ሃሌሉያ! ሃሌሉያ በሉ እንጂ! በሕይወት አለች! ክብር፣ ክብር ለጌታ ይሁን!

ነገሩ እንዲህ ነበር። ነፋስ ኮፍያዋን ይወስድባታል፤ ለመያዝ በዳር በዳሩ ተከትላው እጥፋቱን ስታልፍ እግሯ በሁለት ድንጋይ መሐል ይሰነቀራል። ፊሽካውን አልሰማችም፤ እኛም ከእጥፋቱ ወዲህ ሆነን አላየናትም፣ አልሰማናትም። እስከ ጭኗ ውኃ ውስጥ ቆማ አራት ሰዓት ስትጮኽ ቆየች። ስትገኝ ድምፅ አልቀራትም፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። ሆስፒታል ያለችው ሐኪም ለኢንገርና ለእናቲቱ «ሰውነቷ በጣም ቀዝቅዞ ነበር። ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ይህን ወሬ አልነግራችሁም ነበር» አለቻቸው። ግማሽ ሰዓት! እኔ በዚያ ጫካ «ምናልባት» እያልሁ ያቃጠልሁት ከዚያ በላይ ነው። ጌታ ግን ከእኔ ፈጠነ።

አላሰሩኝም። ፖሊሱ የተናገርሁትን ጽፎ አስፈርሞኝ ሄደ። ኢንገር በማግሥቱ ጠርተውኝ «ከልጆቹ ጋር አትሠሪም። ኩሽና ትረጃለሽ» አሉኝ። እሺ አልሁ። ሁለት ሳምንት ድስት አጠብሁ። እናንተ ለአገልግሎት የላካችኋት እህት ኖርዌይ ድረስ ሄዳ ድስት ስትፈገፍግ ከረመች፤ በደንብም ፈግፍጌያለሁ፣ በዚህ አልታማም! ካምፑ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ኢንገር ልጆቹን ይዘው ኩሽናው በር ላይ መጡ። አሰለፏቸው። ኢዳም በምርኩዝ መጥታለች። «ቁጠሪያቸው፣ ስመኝ» አሉኝ። እጄ የሳሙና አረፋ ነው። ጣቴን አነሣሁ። በእያንዳንዱ ልጅ ፊት እየቆምሁ በአማርኛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አልሁ። ኢዳ ጋ ስደርስ እየሳቀች ደረቷን ነፋች፣ ቁጠሪኝ ብላ። ሃያ አራት ነበሩ፤ የታመመችው ጓደኛዋም ድናለች።

እናቲቱስ አትሉኝም? በመጨረሻው ቀን መጣች። ይቅርታዬን ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት። አላታልላችሁም፤ ተቃቅፈን ተላቀስን ብላችሁ እንድታስቡ አልፈልግም። እንዲህ ነው ያለችኝ፦ «ገና ይቅር አላልሁሽም። እየሞከርሁ ነው። ግን ባትናገሪ ኖሮ ልጄን እቀብር ነበር፤ ስለተናገርሽ አመሰግንሻለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።» እኔም ሁለቱንም ተቀብዬ መጣሁ። እስካሁን እጸልይላታለሁ።

አሁን ደግሞ ከባዱ መጣ። ከዚያ ተመልሼ በዚሁ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ካምፑ ነግሬአችኋለሁ፤ ታስታውሳላችሁ። የሐይቁን ፎቶ አሳየኋችሁ፣ የልጆቹን መዝሙር ዘመርሁላችሁ፤ አጨበጨባችሁ። ኢዳን ግን አልነገርኋችሁም። ጌታ እዚያ ጠጠር ላይ የሰጠኝን ነፃነት ይዤ ገብቼ፣ እናንተን ሳይ መልሼ ስሜን ጠበቅሁ። ባለፈው ወር ሽማግሌዎቻችን «በሚመጣው ክረምት ፍኖተ ሰላም ላይ የልጆች ካምፕ ልናደርግ ነው፤ ውጭ አገር ልምድ ስላለሽ አንቺ ምሪው» አሉኝ። የሚቀጥለው እሑድ እጅ ሊጭኑብኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ዕለት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኋቸው። «ለጉባኤው ንገሪ፤ ልጅ የሚሰጡሽ ወላጆች ናቸው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ነው የቆምሁት።

ወላጆች፣ ስሙኝ። ልጆቻችሁን ለእኔ ስጡኝ ብዬ አልለምናችሁም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ የምትፈልጉትን ሁሉ ጠይቁኝ፤ «አንሰጥሽም» ብትሉኝም አልቀየማችሁም። ጌታ በዚያ ዕለት ያዳነው ኢዳን ብቻ አይደለምና፣ ዛሬ በእናንተ ፊት ብዋረድም የምመሰክረው አለኝ። ይመስገን! ስሙ ይመስገን!

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ በዚህ ጉባኤ ውስጥ አንድ ነገር ደብቀሽ አጥብቀሽ የምትጸልዪ፣ እኔ ያን ጸሎት አውቀዋለሁ። «ሳልናገር ይስተካከል» የሚለውን። ዛሬ በአንድ ሰው ዝምታ ምክንያት፣ አንድ ሰው ባልጠፋበት ጫካ እየተፈለገ ነው። ዝናብ ጀምሯል። እናቱ እጅሽን ይዛ ታመሰግንሻለች። የምትነግሪውን ሰው ታውቂዋለሽ፤ አንተም ታውቀዋለህ። ጌታ ሰምቶ አይደነግጥም፤ እመኑት። ተነሡና ንገሩ፤ ሰው በሕይወት ሳለ ንገሩ።